ሽቦው እኛ ነን

"ሲስተም የለም" የምትለው ሐረግ በከተማችን ከሚነገሩት ሁሉ አጭሯና ኃይለኛዋ ሳትሆን አትቀርም። ሁለት ቃል ናት። ግን ሰልፍ ትበትናለች፣ ቀጠሮ ትሰርዛለች፣ ከሱሉልታ ተሳፍሮ የመጣን ሽማግሌ ያለ አንዳች ማብራሪያ ወደ መጣበት ትመልሳለች። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ሐረጎች ነበሩ፤ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ፋይሉ አልተገኘም"፣ "ማኅተም የያዘችው ልጅ ፈቃድ ወጥታለች"። እነዚህ ቢያንስ ሰው ነበረባቸው። ኃላፊው አንድ ቀን ከስብሰባ ይወጣሉ፣ ልጅቷም ከፈቃድ ትመለሳለች። ሲስተም ግን ፊት የለው፣ ስልክ የለው፣ አለቃ የለው። "መቼ ይመጣል ልጄ?" ብትሉ መልሱ "አይታወቅም ጋሼ" ነው። እንደ ዝናብ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል፤ እኛም እንደ ገበሬ ወደ ላይ አንጋጠን እንጠብቃለን።

የዛሬው ጠቤ ግን ከመቆራረጡ ጋር አይደለም። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል፤ ይህን ለምደነዋል። ጠቤ ሲስተሙ በሌለበት ሰዓት ሳይሆን ባለበት ሰዓት ከሚሆነው ነገር ጋር ነው።

እስቲ ከቡልጋሪያ ማዞሪያ ተነሡና በቂርቆስ አድርጋችሁ እስከ ካዛንቺስ ያሉትን መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና የንግድ ድርጅቶች ግቡባቸው። ኮምፒዩተር ያልተቀመጠበት መስኮት ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁሉም "ሲስተም አለን" ይላሉ፤ አላቸውም። መስኮት 3 ያለችው ልጅ ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ ስልካችሁን ጠይቃ ትጽፍና አትማ ትሰጣችኋለች። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ወደ መስኮት 7 ትሄዳላችሁ። መስኮት 7 ያለው ልጅ ደግሞ ከወረቀቱ ላይ እያነበበ ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ ስልካችሁን እንደገና ይጽፋል። በሁለቱ ኮምፒዩተሮች መካከል ያለው ርቀት አሥር እርምጃ ነው። አሥሯን እርምጃ የሚሄደው ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ታዲያ ሁለቱን ማሽኖች የሚያገናኘው ሽቦ ማን ሆነ?

የምለው ነገር አጭር ነው። በእኛ አገር ሲስተምን ከሲስተም የሚያገናኘው ገመድ ደንበኛው ነው። በድርጅቱ ውስጥ ደግሞ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በእጅ የሚገለብጠው ምስኪን ሠራተኛ ነው። ይህ የሆነው ገመድ መግዣ ጠፍቶ አይደለም። አለቆች ክፍሎቻቸውን ማስማማት ስለማይፈልጉ ወይም ስለማይደፍሩ ነው። ባለሙያዎቹ "ሲስተም ኢንተግሬሽን" የሚሉት ነገር፣ ማለትም ተለያይተው የሚሠሩ ሥርዓቶችን ማስተሳሰር፣ ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ ሳይሆን ስምምነት ነው። (በአማርኛ "ቅንጅት" ብለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ቃሉ ግን በ1997 ዓ.ም. ሌላ ሥራ ይዞ ስለነበር እስካሁን ሰው ሲሰማው ይደነግጣል።) ስምምነትን ደግሞ ማንም በጨረታ ገዝቶት አያውቅም።

መንግሥትን ብቻ የምናማበት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ ከግል ድርጅት ልጀምር። የማውቀው የጽሕፈት መሣሪያ አስመጪ አለ፤ ስሙ ይቆየን። ሂሳብ ክፍሉ የሚሠራው በፒችትሪ ነው። ፒችትሪን የማያውቅ የለም፤ በየሥራ ማስታወቂያው "የፒችትሪ ችሎታ ያላት" ይባል የነበረው እሱ ነው። ሱቁ የሚሸጠው፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በሚያስገድደው መሠረት፣ በካሽ ሬጅስተር ማሽን ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በኤክሴል ይመዘግባል። ሠራተኛው ጠዋት የሚፈርመው በጣት አሻራ ማሽን ነው። አራት ሲስተም! ባለቤቱ ለእንግዳ ሲያስጎበኙ "እኛ ከወረቀት ወጥተናል" ይላሉ። የማይናገሩት፣ በየወሩ መጨረሻ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተቀምጣ ከአራቱም እያተመች፣ በእስክሪብቶ እያስታረቀች፣ መልሳ ወደ ፒችትሪ እንደምትከትብ ነው። ከወረቀት የወጣው ድርጅት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ወደ ወረቀት ይመለሳል።

ባለቤቱ መፍትሔ አገኙ። ሁሉንም ባንድ የሚጠቀልል፣ በዘመኑ ቋንቋ "ኢአርፒ" የሚባል፣ ትልቅ ሲስተም ገዙ። ሻጮቹ ከረባት አስረው መጡ፣ በፕሮጀክተር አሳዩ፣ ፈረንጅኛ ተናገሩ፣ ሄዱ። ሲስተሙ ተተከለ። በመጀመሪያው ቆጠራ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ላይ ጉድለት ተገኘ። ሰውየው የልጆች አባት ነው፤ ሥራውን በእምነት የያዘ። "ሲስተሙ ይህን ያህል ደርዘን እስክሪብቶ ጎድሎብሃል ይላል" ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈበት፤ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ሆነ። "ኧረ እኔ የነካሁት ነገር የለም" ቢል ማን ይስማው! ሲስተም ይዋሻል እንዴ?

ነገሩ የተፈታው ያቺው ማታ ማታ የምትቀመጠው የሂሳብ ሠራተኛ ወርዳ ካርቶን ስትከፍት ነው። ሽያጭ ክፍል የሚቆጥረው በደርዘን ነበር። ግምጃ ቤት የሚቆጥረው በካርቶን። ሂሳብ ክፍል የሚቆጥረው በፍሬ። አዲሱ ሲስተም አንድ ካርቶን 60 ደርዘን ነው ብሎ ያምናል፤ እንዲያ ተብሎ ተነግሮታል። ከሌላ ፋብሪካ የመጣው ካርቶን ግን 50 ደርዘን ነው። እያንዳንዱ ካርቶን በተቆጠረ ቁጥር አሥር አሥር ደርዘን "ተሰረቀ" ማለት ነው። ሌባው ሰው ሳይሆን ቃል ነበር፤ ሦስት ክፍሎች ለየራሳቸው የተረጎሙት "ካርቶን" የሚባል ቃል። ያንን ቃል አንድ ላይ ተቀምጦ ለመተርጎም የሚያስፈልገው የአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባና አንድ ጀበና ቡና ነበር። ያልተደረገው ግን እሱ ነው። ገንዘቡ ለማሽኑ ወጣ፣ ዕዳው በግምጃ ቤት ኃላፊው ራስ ላይ ሊወድቅ ነበር።

ሜልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 አንድ ነገር አስተውሎ ጽፏል። በራሴ ቃል ልንገራችሁ፦ ድርጅቶች የሚሠሩት ሲስተም መጨረሻ ላይ የራሳቸውን የግንኙነት ቅርጽ ይመስላል። የሂሳብ ክፍሉ አለቃና የሽያጭ ክፍሉ አለቃ በኮሪደር ሲተላለፉ ሰላም የማይባባሉ ከሆነ ሲስተሞቻቸውም ሰላም አይባባሉም። ሰዎቹን ሳታስታርቁ ማሽኖቹን ለማስታረቅ መሞከር፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን አዲስ አልጋ በመግዛት እንደማስታረቅ ነው።

እዚህ ላይ "ችግሩ የሠራተኛው የአመለካከት ችግር ነው" የሚሉ አሉ። ይህችን ደግሞ እናውቃታለን። ቢፒአር ሲመጣ የአመለካከት ችግር ተባለ፤ ቢኤስሲ ሲመጣ የአመለካከት ችግር፤ ካይዘን ሲመጣም እንዲሁ። እውነት ለመናገር ቢፒአር መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። መጀመሪያ ሥራውን ከሥሩ መርምር፣ የማያስፈልገውን ፊርማ አንሣ፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያ አምጣ ነበር የሚለው። እኛ ግን ጥናቱን በጥሩ ሽፋን ጠርዘን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው፤ ከዓመታት በኋላ ኮምፒዩተር ገዛንና የድሮውን ቅጽ ከነሰባት ፊርማው ወደ ስክሪኑ ገለበጥነው። ድሮ በእጅ ይንቀራፈፍ የነበረው አሁን በኤሌክትሪክ ይንቀራፈፋል። ለዚህ ተጠያቂው መስኮቷ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ናት?

የሥነ ጽሑፍ መምህር በነበርኩበት ዘመን ስለ ሞክሼ ፊደላት ብዙ ተከራክረናል። ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ይሁኑ ወይስ ይቆዩ፤ ሰና ሠስ፤ አና ዐስ፤ ጸና ፀስ? ክርክሩ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ያለና መቋጫ ያላገኘ ነው። ኮምፒዩተር መጣና ጉዳዩን ከመማሪያ ክፍል አውጥቶ ወደ ሂሳብ ክፍል አስገባው። "ፀሐይ" የምትባል ደንበኛ አንዱ ጋ "ፀሐይ"፣ ሌላው ጋ "ጸሀይ"፣ ሦስተኛው ጋ "ፀሃይ" ተብላ ትመዘገባለች። ለሰው አንዲት ሴት ናት፤ ለማሽኑ ሦስት ሴቶች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጽፏት ደግሞ አንዱ በ"ዋይ" ይጨርሳታል፣ ሌላው በ"አይ"። ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር "የቤተሰብ ስም" ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ መስኮት የአባቷን፣ ሌላው የአያቷን ይሞላል። አስመጪው ወዳጄ ጋ አንድ ደንበኛ በሦስት አጻጻፍ ተመዝግቦ በሦስቱም ዱቤ ወስዶ ተገኝቷል። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የዱቤ ጣሪያ አበጅቷል፤ ሰውየው ሦስት ጣሪያ አገኘ።

በዚህ ላይ ቀን ጨምሩበት። "5/1/2017" ብዬ ብጽፍላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ መስከረም 5 እላለሁ። ከውጭ የተገዛው ሶፍትዌር፣ እንደ ፈረንጁ ዓይነት፣ አንድም ጃንዋሪ 5፣ አንድም ሜይ 1 ይላል፤ ያውም ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዶ። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው፤ የማሽኑ 12። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በእነሱ ጁላይ 8 ይጀምራል። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል የማሽኑ ሰዓት 9 ይላል። እነዚህን ልዩነቶች እናንተም እኔም በጭንቅላታችን ስናስታርቅ ስለኖርን አይታዩንም። ሁለት ሲስተም ሲገናኝ ግን ማስታረቁን አንድ ሰው አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ አለበት። አገር በቀል ሥራ ማለት ይህ ነው። ከሻጩ ካታሎግ ውስጥ የለም፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አማካሪም አያውቀው።

ሦስተኛው የአድራሻ ነገር ነው። አንድ ቡልጋሪያ አካባቢ ያለ የቆየ ግቢ ውሰዱ። በደርግ ጊዜ በከፍተኛና በቀበሌ ይጠራ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የቂርቆስ ሆነና ቀበሌው ተቀየረ። ከዚያ ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ መጣ። ግቢው ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ አድራሻው ግን ሦስት ሆነ። ካርታው አንድ ነገር ይላል፣ የውሃ ቢሉ ሌላ፣ የንግድ ፈቃዱ ሦስተኛ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪውና ነጋዴው በእውነት ሲዛወር አስቡት። አንድ ባለሱቅ አድራሻው ሲቀየር ለስንት ቦታ ነው የሚያስታውቀው? ለንግድ ቢሮ፣ ለግብር፣ ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለባንክ፣ ለስልክ። አንዱ "ከዚያኛው ማስረጃ አምጣ" ይላል፣ ያኛው "መጀመሪያ ከዚህኛው ጨርስ" ይላል። ሰፈሩን ያጣ ሰው ለስድስት ኮምፒዩተር ሽቦ ሆኖ ሲዞር ይከርማል። የምንከራከረው ስለ ቴክኖሎጂ ምቾት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

"ታዲያ እዚህ አገር የማይሆን ነገር ነዋ!" እንዳትሉኝ። ሆኖ አይተናል። የኤቲኤምን ነገር አስታውሱ። ባንኮቻችን ለዓመታት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ማሽን ተከሉ፤ የአንዱ ካርድ የሌላው ማሽን ውስጥ ገብቶ አይሠራም ነበር። ሦስት ማሽን ጎን ለጎን ቆሞ፣ የእናንተ ባንክ ማሽን ሲበላሽ የሁለቱን መብራት እያያችሁ ባዶ ኪሳችሁን ትመለሳላችሁ። መጀመሪያ አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንኮች ተነሥተው ፕሪሚየር ስዊች የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ኋላም ባንኮቹ በሙሉ ባለቤት የሆኑበት ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረና የማንኛውም ባንክ ካርድ በማንኛውም ባንክ ማሽን መሥራት ጀመረ። ልብ በሉ፤ ማሽንን ከማሽን የማገናኘቱ ቴክኖሎጂ በዚያ ዓመት አልተፈለሰፈም፤ በሌላው ዓለም አሥርት ዓመታት አስቆጥሯል። በእኛ አገር የዘገየው ተፎካካሪዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው "ደንበኛዬ በአንተ ማሽን ሲጠቀም ማን ለማን ስንት ይከፍላል? ገንዘቡ ሳይወጣ ሂሳቡ ቢቀነስ ኃላፊው ማን ነው?" ብለው መስማማታቸው ነው። ከተስማሙ በኋላ ሽቦው ቀላል ሆነ።

"ለሁሉ" የተባለውንም ማንሣት ይቻላል። በ2005 ዓ.ም. ሲጀመር የመብራት፣ የውሃና የስልክ ክፍያ በአንድ መስኮት ተሰበሰበ፤ ሦስት ሰልፍ አንድ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. አስመጪና ላኪው ከአሥር በላይ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ እየዞረ ይለምነው የነበረውን ፈቃድ በአንድ በር ለመጨረስ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት ተጀመረ። በ2017 ዓ.ም. መሶብ መጣ፤ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን አገልግሎት ባንድ ጣሪያ ሥር። ሐሳቡ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን መስኮቶችን ባንድ አዳራሽ መደርደርና ከመስኮቶቹ ጀርባ ያሉትን መዝገቦች ማስተሳሰር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሪባን ይቆረጥበታል፣ ለቴሌቪዥን ያምራል። ሁለተኛው አይታይም። መለኪያው አንድ ነው፦ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ስሜን ስንት ጊዜ ጠየቁኝ?

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ "እንግዲያው ቶሎ ብለን ሁሉንም እናገናኝ" ወደሚለው። ይኼኛው ከመጀመሪያው የባሰ አደገኛ ነው። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የሆነውን አንረሳውም። የአገራችን ትልቁ ባንክ፣ ንግድ ባንክ፣ ሲስተሙ ተዛብቶ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ያለአግባብ ተወስዷል ያለው 801 ሚሊዮን ብር ነው። የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ተባለ። አብዛኛው ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ፤ መመለሱም ተገቢ ነው፣ የሰው ገንዘብ ነውና። ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም ተለጠፈ። እኔን የቆረቆረኝ ሌላ ነው። ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት እንዴት ተፈተነ? "ይለቀቅ" ብሎ የፈረመው ማን ነው? ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድ ምን ነበር? ይህን የሚናገር ወረቀት ተለጥፎ አላየሁም። የተማሪውን ፎቶ አይተናል፤ የአሠራሩን ፎቶ ግን አላየንም።

እንግሊዝ አገር ቲኤስቢ የሚባል ባንክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 2018 የደንበኞቹን መዝገብ ባንድ ቅዳሜና እሑድ ከአሮጌ ሲስተም ወደ አዲስ ሲያዛውር ወደ 1.9 ሚሊዮን ደንበኛ ከሂሳቡ ውጭ ተቆለፈበት። እነሱም ይሳሳታሉ ማለት ነው። ልዩነቱ ቀጥሎ የመጣው ነው። የባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በዚያው ዓመት ለቀቁ። በገለልተኛ ወገን ተጠንቶ የተጻፈው ምርመራ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ባንኩ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ኃላፊው የነበሩት ሰው ደግሞ በስማቸው፣ ከኪሳቸው፣ 81,620 ፓውንድ ተቀጡ። እዚያ ሲስተም አለቃ አለው፤ አለቃውም ስም አለው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኸርሺ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ በ1999 ሦስት ትልልቅ ሲስተሞችን ባንዴ አስነሣ። አራት ዓመት ይፈጃል የተባለውን ሥራ በሁለት ዓመት ተኩል ለመጨረስ ተጣደፈ፤ ያስነሣውም ልክ የበዓል ትእዛዝ በሚጎርፍበት ወራት ነበር። ቸኮሌቱ መጋዘን ሞልቶ ለባለሱቆች ማድረስ አቃተው፤ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ትእዛዝ አመለጠው። ለዶሮ ነጋዴ በፋሲካ ዋዜማ አዲስ ሚዛን እንደ ማምጣት ነው። የእኛዎቹ ግን ሲስተም የሚያስነሡት ወይ ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ ነው፣ ወይ ሚኒስትር ለጉብኝት ሊመጡ ነው ሲባል።

"ሁሉንም ባንድ ቋት ማድረግ አደጋ የለውም ወይ? ነገ ማን ምን እንደሚያይብን በምን እናውቃለን?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የማከብረውም ይህንን ነው። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆኗል፤ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። አንድ ሰው አንድ ቁጥር ሲኖረው የፀሐይና የጸሀይ ችግር ይቃለላል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ማስተሳሰር ማለት ሁሉን ነገር አንድ ጎተራ ውስጥ መገልበጥ አይደለም። ኤስቶኒያ የምትባለው ትንሽ አገር በ2001 የዘረጋችው ሥርዓት መዝገቦቹን አልጨፈለቃቸውም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን መዝገብ ይዟል፤ ሌላው ሲፈልግ በተወሰነ በር አንኳኩቶ የሚገባውን ብቻ ይጠይቃል፤ ማን መቼ እንዳንኳኳም ይመዘገባል። አንዴ የተጠየቀን ነገር ዜጋውን ደግሞ መጠየቅም በሕግ ተገድቧል። እኛም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አውጥተናል። አዋጁ መደርደሪያ ላይ ከቢፒአሩ ጥናት አጠገብ እንዳይቀመጥ ነው ፍርሃቴ።

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ እንዳይሆን፣ ድርጅታቸውን ለማስተሳሰር ላሰቡ ሥራ አስኪያጆች የምለው ይህ ነው። ከጨረታው በፊት መዝገበ ቃላት አዘጋጁ። "ደንበኛ" ማን ነው? "ካርቶን" ስንት ነው? ቀን በየትኛው አቆጣጠር ይጻፋል? "ተሸጠ" የሚባለው ደረሰኝ ሲቆረጥ ነው ወይስ ገንዘቡ ሲገባ? ጥቂት ገጽ ይበቃል፤ የሁሉም ክፍል አለቆች ይፈርሙበት። መፈረም ካልቻሉ ሲስተም አትግዙ፤ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለእያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ሹሙ። የደንበኛን ስም የሚጽፈው አንድ ክፍል ይሁን፤ ሌላው ያንብብ እንጂ አይጻፍ። ይህ ሥልጣን መቀማት ስለሚመስል ኩርፊያ ያመጣል። ለዚህ ነው ሥራው ምድር ቤት ለተቀመጠው የኮምፒዩተር ልጅ የማይሰጠው። እሱ ገመድ መቀጠል ይችላል፤ ሁለት የመምሪያ ኃላፊዎችን ማስታረቅ ግን አይችልም። ያንን የሚችለው ከሁለቱ በላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

ሁሉን ባንዴ አትንኩ። ሠራተኛው ከአንዱ ስክሪን እያየ ወደ ሌላው በእጁ የሚገለብጥበትን ቦታ ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ማታ የምትቀመጥበት ጠረጴዛ የት እንዳለ ጠይቁ። አንዷን ስፌት ስፉ፣ አሮጌውና አዲሱ ቢያንስ አንድ የሂሳብ መዝጊያ ጎን ለጎን ይሂዱ፣ ይመሳከሩ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ከሻጩ ጋር ስትዋዋሉም መረጃው የእናንተ መሆኑን፣ ለሌላ ሲስተም በር የመክፈት ግዴታ እንዳለበት በውሉ አስገቡ። አለዚያ ነገ የራሳችሁን የደንበኛ ዝርዝር ከሻጩ መልሳችሁ ትገዙታላችሁ። "ይለቀቅ" ብሎ የሚፈርመው ሰው ስምም ከመለቀቁ በፊት ይታወቅ።

ለእኛ ለሽቦዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። መስኮቷ ላይ ያለችውን ልጅ አትቆጧት፤ እሷም እንደ እኛው ሽቦ ናት፣ ደመወዝ ያላት መሆኑ ካልሆነ በስተቀር። በሚቀጥለው ጊዜ "ከመስኮት 3 አጽፈህ አምጣ" ስትባሉ ግን ወረቀቱን ከመያዛችሁ በፊት፣ በትሕትና፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ "መስኮት 3ን ራሳችሁ ለምን አትጠይቁትም?" በሉ። መልስ ካጣችሁም ኃላፊውን ጠይቁ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆኑም ጠብቁ። አንድ ሰው ቢጠይቅ እብድ ይባላል። በቀን መቶ ሰው ሲጠይቅ ግን የመምሪያ ኃላፊዎቹ አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍልተው መነጋገር ይጀምራሉ።